ለፈረስ ግልቢያ ቀን አለባበስ፦ ከእግር ወደ ላይ

ለሠርግ የሚለብስ ሰው ከቀሚሱ ወይም ከሱፉ ይጀምራል፤ ጫማው በኋላ የሚታሰብ ነገር ነው። ፈረስ ግልቢያ ለማየት ሲወጣ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ቀኑን ሙሉ የምትቆሙት ሣር ወይም አቧራ ላይ ነው፤ ጣሪያ የለም፣ ነፋስ አለ፣ ከገመዱ ማዶ ደግሞ ከሁለት መቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ በትንሽ ነገር የሚደነግጥ እንስሳ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ መሬቱ፣ ቀጥሎ ነፋሱ፣ ከዚያ ፀሐዩ ይታሰባል። ጌጡ ከእነዚህ በተረፈው ቦታ ላይ ነው የሚሠራው፤ ቦታው ደግሞ ከሚመስለው ይሰፋል።

ከአዳማ ተነስቶ ፈረስ ለማየት የሚወጣ ሰው ሁለት ዋና አቅጣጫ አለው። አንዱ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዲስ አበባ፣ ጃን ሜዳ ነው። ሌላው በአሰላ በኩል ወደ አርሲ ደጋ ነው፤ እዚያ ፈረስ ዛሬም የቤት እንስሳ ብቻ ሳይሆን የቤት ክብር ነው። ራቅ ብሎ የሚሄድም አለ፤ ለምሳሌ የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ለሚያከብሩት በዓል። ሦስቱም ከአዳማ ይበርዳሉ፣ ሦስቱም ሜዳ ናቸው።

መጀመሪያ ጫማ

ከመግዛታችሁም ከመምረጣችሁም በፊት መሬቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ። ለስላሳ ሣር፣ ደረቅ አቧራና መረሬ አፈር ሦስቱም የተለያየ ጫማ ይፈልጋሉ። መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ቀጭን ታኮ የሚውጥ ስፋት አለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚወለመውም እዚያ ላይ ነው። ዝናብ ከነካው ደግሞ ጫማ ከእግር ያወልቃል።

ቀጭን ታኮ ሣር ውስጥ ለምን ይሰምጣል? 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ስትራመድ ተረከዟ መሬት በሚነካበት ቅጽበት ክብደቷ ከሞላ ጎደል ያረፈው አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር በሚያህል ጫፍ ላይ ነው። ታኮው 3 በ3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ያው ክብደት በዘጠኝ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ይከፈላል፤ ጫናው ወደ ዘጠነኛ እጁ ይወርዳል። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፦ ታኮው ከታች ቢያንስ 3 በ3 ሴንቲ፣ ቁመቱ ከ6 ሴንቲ የማይበልጥ። ከፊት እስከ ኋላ ሶሉ ሳይቆረጥ የሚወፍረው ዌጅ ለሣር ከሁሉ ይሻላል፣ ለመረሬ ግን አይመከርም፤ አንዱ ጠርዝ ስንጥቅ ላይ ካረፈ ጫማው ሙሉ በሙሉ ይዘማል።

ያላችሁ ቀጭን ታኮ ብቻ ከሆነ ታኮው ጫፍ ላይ የሚሰካ ክብ የፕላስቲክ ቆብ አለ። ከመግዛታችሁ በፊት የታኮውን ጫፍ በማስመሪያ ለኩ፤ ቆቡ በ2 ሚሊ ሜትር እንኳ ከሰፋ ከአሥር እርምጃ በኋላ ሣሩ ውስጥ ይቀራል።

ክፍት ጫማና ሸበጥ ተዉት። ምክንያቱ ፋሽን አይደለም። ፈረስ ባለበት ፋንድያ አለ፣ ፋንድያ ያለበት አፈር ደግሞ የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ አምጪ ተህዋሲ በብዛት የሚገኝበት ነው። ተረከዙ ውሃ ቋጥሮ የተላጠ እግር በክፍት ጫማ እዚያ ላይ መዋል የለበትም።

አዲስ ጫማ ከሆነ ከ10 ቀን በፊት ጀምራችሁ ማታ ማታ ወፈር ያለ ካልሲ አድርጋችሁ ለ40 ደቂቃ ያህል ቤት ውስጥ ተራመዱበት፤ አራት ወይም አምስት ማታ ይበቃል። ሶሉ ለስላሳ ቆዳ ከሆነ ደረቅ ሣር ላይ እንደ በረዶ ያንሸራትታል፤ በብርጭቆ ወረቀት አግድም አግድም ፋቁት። ፕላስተር ተረከዝ ላይ የሚለጠፈው እግር ከተላጠ በኋላ ሳይሆን ጠዋት ከቤት ሳይወጣ ነው።

ስኒከር ነውር ነው የሚል ሰው አለ። አይደለም። ነውሩ የቆሸሸ ስኒከር ነው። ጽሑፍና ዥጉርጉር ነገር የሌለበት፣ አንድ ቀለም ያለው የቆዳ ስኒከር ከቁርጭምጭሚት ከፍ ካለ ቀሚስም ከሱፍ ጋርም ይሄዳል።

ዘርፉና ነፋሱ

አዳማ ዳር ኮረብታው ላይ የሚዞሩት ተርባይኖች ለጌጥ አልተተከሉም። በሁለት ምዕራፍ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣቢያ እዚህ የቆመው ነፋሱ ስለማይቀር ነው፤ ይኸው ነፋስ ሜዳ ላይ ያለ ቀሚስን ዝም ብሎ አያልፍም። በፈረስ ሜዳ ላይ ከሚበላሹ አለባበሶች አብዛኞቹ የሚበላሹት በቀለም ወይም በስፌት ሳይሆን ሁለት እጅ ቀኑን ሙሉ ቀሚስ ሲይዝ ስለሚውል ነው። አንድ እጅ ቀሚስ፣ አንድ እጅ ባርኔጣ ከያዘ ቡናውን ማን ይይዛል?

መጀመሪያ ቁመቱ። መሬት የሚነካ የሀበሻ ቀሚስ ለቤተ ክርስቲያንና ለአዳራሽ ነው። ሜዳ ላይ ጠርዙ አቧራ ይጠርጋል፣ ጭጎጎት ይሰበስባል፣ ጭጎጎቱ ሲነቀል ደግሞ ከፈትሉ ላይ ክር ይዞ ይነሳል። የዕለቱን ጫማ አድርጋችሁ ጠርዙ ከመሬት ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይለካ። ባዶ እግር ተቁሞ የሚለካ ቀሚስ ሁልጊዜ ይሳሳታል። አጠር ያለ ከፈለጋችሁ ባት ላይ የሚያርፍ ቁመት ከጉልበት በላይ ካለው በብዙ ይሻላል፤ ሣር ላይ መቀመጥ አለ፣ መኪና ላይ መውጣት አለ።

ጨርቁ ቀጥሎ ይመጣል። ወፍራም መነን በራሱ ክብደት ይወርዳል። ሽፎን ገና ነፋስ ሳይነሳ ይነሳል። ሽፎኑን ከወደዳችሁት ገበሩ የግድ ከላዩ ጨርቅ ጋር እኩል ቁመት ያለው ይሁን፤ ገበሩ በአንድ ስንዝር ካጠረ ነፋሱ ከሥር ገብቶ ላዩን እንደ ጃንጥላ ይዘረጋዋል። የሆነ ሆኖ ከሥር አጭር ታይት ልበሱ፤ ከዚያ በኋላ ነፋሱ የፈለገውን ቢያደርግ ልብ አይመታም።

አሁን ወደ ዋናው ዘዴ፣ ዘርፉን ማክበድ። የሚያስፈልገው ከብረታ ብረት ሱቅ የሚገኝ ሮንዴላ ነው፤ ብሎን ሥር የሚገባው ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ቀለበት። የ10 ሳንቲም ስፋት የሚያህለውን፣ ስስ የሆነውን ስድስት ምረጡ። ብረት ስለሆነ በላብና በእርጥበት ይዝጋል፣ ዝገቱም በነጭ ጨርቅ ላይ የማይለቅ ቡኒ ክብ ይተዋል፤ ስለዚህ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም በሁለቱም ወገን ሁለት ጊዜ ቀቡትና ሌሊቱን ይድረቅ። ከዚያ እያንዳንዱን በ4 በ4 ሴንቲ ቁራጭ ስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አፉን ስፉት። ጥቅሉን በቅምቅማቱ ውስጠኛ እጥፋት ላይ በእጅ ስፌት ያዙት፤ መርፌው የላዩን ጨርቅ እንዳይወጋ የእጥፋቱን አንድ ንብብር ብቻ ይንካ።

ቦታቸው እንዲህ ነው፦ ሁለቱ በግራና በቀኝ ጎን ስፌት ላይ፣ ሁለቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ። ከፊት ያሉት ከመሐል ወደ ጎን አንድ አንድ ስንዝር ይራቁ፤ መሐል ላይ ከሆኑ በየእርምጃው ቅልጥም ይመታሉ። ሽፎን ላይ ይህን አታድርጉ። ክብደቱ ባረፈበት ነጥብ ጨርቁ ይለጠጥና ዘርፉ ጥርስ ጥርስ ያወጣል። ለሽፎን ቀጭን የአንገት ሐብል የሚመስል ሰንሰለት በጠርዙ ዙሪያ ከውስጥ ይሰፋል። የሻኔል ጃኬቶች ውስጥ ከወገቡ ጠርዝ ላይ ያለው ሰንሰለትም ሥራው ይኸው ነው፤ ጌጥ አይደለም፣ ጃኬቱ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ነው።

ሥራው መያዙን የምታረጋግጡት በባጃጅ ነው። ሙሉውን ለብሳችሁ፣ ባርኔጣውንም ጨምራችሁ፣ አዳማ ውስጥ ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ ሂዱ። ባጃጁ የሚያስገባው ነፋስ ሜዳ ላይ ከሚጠብቃችሁ አያንስም። ስትወርዱ ምን ቦታውን እንደለቀቀ እዩ፤ የለቀቀው ነገር በዕለቱም ይለቃል።

ነጠላ ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ትከሻ ላይ ብቻ የተጣለ ነጠላ ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ይበራል፣ ሲበርም ፈረስ ያስደነግጣል። ሁለቱም ጫፍ ከክንድ ሥር እንዲያልፍ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ ትከሻ ላይ፣ በቀሚሱ ስፌት ላይ፣ በመርፌ ቁልፍ ያዙት። ፈትሉ ሳሳ ያለ ስለሆነ መርፌ ቁልፉ ከነፋሱ ጋር ሲጎተት ቀዳዳ ያሰፋል፤ ከውስጥ በኩል ሁለት ጣት የሚያህል ጨርቅ ደርባችሁ ሁለቱን አንድ ላይ ውጉ። ሌላ መጠንቀቅ ያለባችሁ ጥለቱን ነው። ለነፋሱ ብላችሁ ነጠላውን ገልብጣችሁ ጥለቱን ወደ አንገት ካመጣችሁት የሐዘን አለባበስ ይሆናል፤ ትልልቅ ሰዎች አይተው ማን ሞተ ብለው ይጠይቃሉ።

ራስ ላይ የሚደረገው

የፈረስ እሽቅድድም ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው በቴሌቪዥን ያየውን የእንግሊዝ ባርኔጣ ነው። ንግሥት አን እ.ኤ.አ. በ1711 ባስጀመሩት የአስኮት የፈረስ እሽቅድድም ላይ፣ ለንጉሣዊው ክልል የሚገባ ሰው አለባበሱ በጽሑፍ የተደነገገ ነው። የሴቶች የራስ ጌጥ ራስ ላይ የሚያርፈው ክፍል ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር መስፋት አለበት፤ የቀሚስ ማንገቻ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር መቅጠን የለበትም፤ ወንዱ ጥቁር፣ ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ ሰማያዊ የጠዋት ሱፍ (ኮቱ ከኋላ የሚረዝም) እና ረጅም ሲሊንደር ባርኔጣ ያደርጋል። ፋሲኔተር የሚባለው፣ በፀጉር ማስያዣ የሚሰካው ላባና መረብ፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ እዚያ ክልል ውስጥ አይፈቀድም። የእኛ ሜዳ እንዲህ ያለ በር ጠባቂ የለውም፤ ነገር ግን ፋሲኔተር እዚህም ብዙ አያዋጣም፣ በሌላ ምክንያት። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም እንደሚባለው ፋሲኔተርም ያስጌጣል እንጂ አያጠላም። ዱባይ ያለች እህት የምትልከው ፎቶ ደግሞ አያሳስታችሁ፤ ሜይዳን በተባለው የዱባይ ሜዳ ላይ ትልቁ ውድድር የሚሮጠው ከመሸ በኋላ በመብራት ነው፣ ያ ባርኔጣ ፀሐይ አላየም።

አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አዲስ አበባና አሰላ ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው። በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ ጎጂ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርዱ ያታልላል፤ ጃን ሜዳ ላይ እየቀዘቀዘው አፍንጫው የሚላጠው ሰው የዚህ ነው። ስለዚህ ክፈፉ ቢያንስ 7 ሴንቲ ተኩል የሆነ ባርኔጣ ያስፈልጋል። ከ12 ሴንቲ ካለፈ ግን ነፋስ ይይዛል፣ ኋላ የቆመውም ሰው ፈረስ ሳይሆን ባርኔጣ ሲያይ ይውላል።

ራሳችሁን የምትለኩት ፀጉር ከተሠራ በኋላ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ይስተዋል። ሹሩባ፣ በተለይ ጉንጉኑ ወፈር ያለው፣ የራስን ዙሪያ በሁለት ሦስት ሴንቲ ይለውጣል። ሜትሩን ከቅንድብ በላይ ግንባር መሐል፣ ከጆሮ በላይ አንድ ጣት ከፍ አድርጋችሁ አዙሩት። ፀጉር ከኋላ የሚሰበሰብ ከሆነ ማጅራት አጠገብ ዝቅ ብሎ ይሰብሰብ፤ አናት ላይ የተቆለለ ፀጉር ባርኔጣውን ወደ ፊት ገፍቶ ዓይን ላይ ይጥለዋል።

ባርኔጣው ከሰፋ በውስጠኛው ማሰሪያ ሥር ሁለት ጣት ስፋት ያለው ስስ ስፖንጅ ወይም የታጠፈ ጨርቅ ግንባር በኩል አስገቡ። ከዚያ ላስቲኩ ይሰፋል። ላስቲክ አገጭ ሥር አይታሰርም፤ ይህ የልጆች ነው። ቀጭን ላስቲክ፣ ከፀጉራችሁ ቀለም ጋር የሚመሳሰል፣ ከአንዱ ጆሮ ጀርባ ካለው የባርኔጣው ውስጠኛ ጠርዝ ተነስቶ በፀጉሩ ሥር፣ በማጅራት በኩል ዞሮ ወደ ሌላኛው ይሄዳል። ርቀቱን ለክታችሁ 3 ሴንቲ ቀንሱ። ከዚያ በላይ ከቀነሳችሁ ከሰዓት በኋላ ራስ ምታት ይመጣል፣ ካልቀነሳችሁ ላስቲኩ የለም ማለት ነው።

ከልባሽ ጨርቅ ተራ ደህና ባርኔጣ ይገኛል፤ የሚታየው ውስጡ ነው። የውስጥ ማሰሪያው ከተሰነጠቀ ተዉት። ክፈፉ ብቻ ከተጣመመ ግን ይቃናል፦ ውሃ የሚፈላበት ጀበና ወይም ማንቆርቆሪያ አፍ ላይ፣ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጋችሁ፣ ጥቂት ሰከንድ እንፋሎት አስነኩት፣ በጣት አቅኑት፣ እስኪደርቅ በአናቱ ገልብጣችሁ አስቀምጡት። ባርኔጣ ምንጊዜም የሚቀመጠው በአናቱ ነው፤ በክፈፉ ከተቀመጠ ክፈፉ ይዝላል።

ጃንጥላ አትዘርጉ። ሻንጣ ውስጥ ለዝናብ ይኑር፣ ገመዱ አጠገብ ግን ሲከፈት የሚያሰማው ድምፅና ድንገት የሚሰፋው ቅርፅ ፈረስን ከመስመሩ ያወጣል፤ ላዩ ላይ ያለው ልጅ ነው የሚወድቀው።

ቀለም፣ ፈረሱም ባለበት

ፈረስ ሰማያዊና ቢጫን ይለያል፤ ቀይና አረንጓዴ ለዓይኑ ተቀራራቢ ናቸው። ስለዚህ ቀይ ልብስ ፈረስ ያስቆጣል የሚለው ወሬ ነው። የሚያስፈራው ቀለም ሳይሆን እንቅስቃሴ ነው፦ የሚውለበለብ ጫፍ፣ የሚያብረቀርቅና የሚወዛወዝ ነገር፣ ድንገት የተነሳ ክንድ።

ቀለም የሚመረጠው ለሌላ ነገር ነው። የእሽቅድድም ጋላቢዎች ደማቅ ቀለም የሚለብሱት ከሩቅ እንዲለዩ ነው፤ እንግሊዝ አገር የፈረስ ባለቤቶች የየራሳቸውን ቀለም ማስመዝገብ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1762 ነው። በእኛ አገር ደግሞ ፈረሱ ራሱ ለባሽ ነው፤ ግላሱ ቀይና ወርቃማ፣ ልጓሙ በጌጥ የተሞላ፣ ጋላቢው የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ ሊመጣ ይችላል። ከዚህ ጋር መፎካከር አያዋጣም። ቀይ ላይ ወርቅ ጥለት ያለበት ቀሚስ ለብሳችሁ አጠገቡ ብትቆሙ ፎቶው ላይ የምትጠፉት እናንተ ናችሁ። ነጭ፣ ዝሆን ጥርስ፣ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ የሰናፍጭ ቢጫ ከደረቅ ሣርና ከአቧራ ፊት ጥሩ ይወጣሉ። ቡኒው ሁሉ መሬቱን ይመስላል። እኩለ ቀን ላይ ፍጹም ነጭ ፎቶ ላይ ይቃጠላል፤ ወደ ክሬም የሚያደላው ይሻላል። ጥለቱ አንድ ቀለም ሆኖ ባርኔጣው ላይ ያለው ጥብጣብ ያንኑ ቢደግም ሌላ ጌጥ አያስፈልግም።

የጆሮ ጌጥ አጭር፣ አምባር ድምፅ የሌለው። ፈረስ አጠገብ የምትሄዱ ከሆነ ከጎኑ፣ ከትከሻው አቅጣጫ፣ እያያችሁ ቅረቡ፤ ከኋላው ሦስት አራት ሜትር ራቁ። የተንጠለጠለ ዘርፍና የሣር ባርኔጣ ለፈረስ መኖ ነው፣ ይነክሰዋል።

ለወንዶች

ጥቁር ሱፍ አትልበሱ። የአዳማ አካባቢ አቧራ ግራጫ ነው፤ ጥቁር ላይ እንደ ዱቄት ይታያል። ግራጫ፣ ካኪና ፈዘዝ ያለ ቡኒ አቧራውን ይደብቁታል። ፖሊስተር የሚያብረቀርቅ ሱፍ ፀሐይ ላይ ያልባል፣ አቧራም ይስባል፤ ስስ የበግ ፀጉር ጨርቅ ወይም ጥጥ ይሻላል። ሊነን ያምራል፣ ነገር ግን ከአዳማ አዲስ አበባ ድረስ ተቀምጦ የተሄደበት ሊነን ሲወርዱ የተኛበት ይመስላል።

ሱሪው የጫማውን አናት ነካ ብቻ ያድርግ፣ አይቆለል። ከረባት ካሰራችሁ በሦስተኛውና በአራተኛው ቁልፍ መሐል በማያያዣ ያዙት፤ ካልሆነ ነፋሱ ፊታችሁ ላይ ያለብሳችኋል። ካባና በርኖስ የጋላቢው ነው፤ ተመልካች ሲለብሰው ፈረሱ የት አለ ያስብላል። ኩታ ወይም ጋቢ ግን ለማንም ያምራል፣ ጠዋት ደግሞ ይሠራል። ጋቢው በአራት ታጥፎ በአንድ ትከሻ ይወርዳል፤ ሲቀመጡ ምንጣፍ፣ ሲበርድ ብርድ ልብስ ነው። ክፈፉ 7 ሴንቲ ተኩል ያህል የሆነ ባርኔጣ ከቤዝቦል ኮፍያ ይሻላል፤ ቤዝቦሉ ጆሮንና ማጅራትን አያጠላም። በእጅ ጭራ የሚይዝ ሰው ካለ አትሳቁበት፣ ፈረስ ያለበት ዝንብ አለ።

ብርዱና መንገዱ

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ፤ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ልዩነቱ 4 ዲግሪ ግድም ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ጠዋት ጃን ሜዳ ያንዘፈዝፋል፣ በስድስት ሰዓት ደግሞ ያቃጥላል። መፍትሔው አንድ ወፍራም ካፖርት አይደለም፤ ሦስት ስስ ንብብር ነው፦ ከሥር ሙሉ እጅ ጥጥ፣ መሐል ስስ ሹራብ ወይም ሰደርያ፣ ላይ ኮት ወይም ኩታ። ሹራቡ ሲወልቅ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ይሁን፤ ካልገባ ቀኑን ሙሉ ወገብ ላይ ታስሮ ይውላል፣ ያ ደግሞ የደከማችሁበትን ሁሉ ያፈርሰዋል።

መኪና ውስጥ ኮቱ ተገልብጦ፣ ገበሩ ወደ ውጭ ሆኖ ይሰቀል። ቀበቶው ደረት ላይ መስመር እንዳይሠራ ታጥፎ የተደረበ ነጠላ ከሥሩ ይግባ። ባርኔጣ ከኋላ መስታወት ሥር አይቀመጥም፤ ፀሐዩ የሣሩን ክፈፍ ያጣምመዋል። ጭን ላይ፣ በአናቱ።

ሻንጣው በትከሻ የሚንጠለጠል ይሁን፤ እጅ ነፃ መሆን አለበት። ከጃንጥላውና ከሚወልቀው ሹራብ ሌላ የሚያዘው ይህ ብቻ ነው፦ ስድስት መርፌ ቁልፍ፣ ከልብሱ ቀለም የሆነ ክርና መርፌ፣ ፕላስተር፣ እርጥብ ሶፍት፣ ውሃ፣ ትንሽ የልብስ ብሩሽ፣ ሰንስክሪን። ሰንስክሪኑ የመከላከያ ቁጥሩ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነው፣ ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ፣ ከመውጣታችሁ 20 ደቂቃ በፊት፣ ከዚያ በየሁለት ሰዓቱ። ልብስ ከመልበሳችሁ በፊት ቀቡትና ይምጠጥ፤ ነጭ የአንገት ጥልፍ ላይ የቀረ ቅባት ከታጠበ በኋላ የሚወጣ ብጫ አለው።

ማታ ቤት ስትገቡ

ያን ብጫ በበረኪና ለማስለቀቅ አትሞክሩ፤ ሰንስክሪን ውስጥ ያለው አቮቤንዞን ውሃ ውስጥ ካለ ብረት ጋር ሲገናኝ የዝገት ቀለም ይሰጣል፣ በረኪና ደግሞ ያባብሰዋል። መጀመሪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ቀብታችሁ ቅባቱን አውጡ፣ ከዚያ ነጭ ጥጡ ላይ ብቻ የሎሚ ጭማቂ ጠብ አድርጋችሁ አለቅልቁ። ጥለቱን ሎሚ አይንካው። ጥለቱ ቀለም መልቀቅ አለመልቀቁን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጠርዝ ላይ ጫን ብላችሁ እዩ፤ ጨርቁ ላይ ቀለም ከታየ ልብሱ በቀዝቃዛ ውሃ ለብቻው፣ ሳይዘፈዘፍ ይታጠባል።

አቧራ በውሃ አይጀመርም፤ ጭቃ ይሆንና ክሩ ውስጥ ይገባል። ልብሱን አራግፉ፣ በብሩሽ ወደ ታች ጥረጉ፣ ከዚያ ነው ውሃ። የሣር አረንጓዴ በአልኮል በተነከረ ጥጥ እየተጠቀጠቀ ይለቃል፤ ከተፈተገ ይሰፋል። ጫማ ውስጥ ጋዜጣ ጨምቃችሁ አስገቡና ጥላ ሥር ይድረቅ።

ሮንዴላዎቹን ቀሚሱ ከመታጠቡ በፊት ፈትታችሁ አውጡ። የጥፍር ቀለሙ ተልጦ እንደሆነ እዩ፤ ከተላጠ ለሚቀጥለው እንደገና ቀቡት።